ኦቲዝም ያለው ተማሪ በትምህርት ቤት አጋዥ እኩያ እንዴት ያገኛል?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ የረፍት ደወል ሲደወል ተማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ፀሐይ ወዳገኘው ግድግዳ ሄዶ ጀርባውን ያስጠጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች ጠዋት ክፍል ውስጥ የገባ ብርድ እስከ ረፍት ድረስ ከጣት አይወጣም። በሰሜን ሸዋ በልዩ ፍላጎት መምህርነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት፣ ኦቲዝም ያላቸው ተማሪዎች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲቀራረቡ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ ፊት ለፊት አይተያዩም። መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ዝም ያለውን ማንም ለምን ዝም አልክ አይለውም፤ ደወሉ ሲደወልም ሁሉም ሳይሰነባበት ወደ ክፍሉ ይገባል።

ይህን የምጽፈው በዋናነት ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለምትማሩ፣ ኦቲዝም ላላችሁ ወጣቶች ነው። ወላጆችና መምህራን ቢያነቡትም ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጓደኛ ለማፍራት እንድትደክሙ አልመክራችሁም። የምመክራችሁ፣ አንድን ሰው በታወቀ ቦታና በታወቀ ሥራ ላይ እንድትፈልጉት፣ ከዚያም የምትፈልጉትን ነገር በትክክል እንድትጠይቁት ነው።

የሚያስፈልጋችሁን መለየት

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የእናት ወይም የአባት ጥፋት ያመጣው አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። አንዱን ድምፅ ያስጨንቀዋል፣ ሌላውን ብርሃን፣ ሌላዋን ደግሞ የዩኒፎርሙ አንገት የሚኮሰኩሳት ነገር። አንዱ ስለሚወደው ነገር ሲጀምር አያቆምም፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ላይወጣው ይችላል። "የኦቲዝም ተጠቂ" የሚለውን አጠራር እኔ አልጠቀምበትም፤ ሰውን በገዛ ተፈጥሮው የተጠቃ ማለት ትክክል አይመስለኝምና። በገጠር ወረዳዎች ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ የሐኪም ወረቀት ላይኖራችሁ ይችላል፤ ከዚህ በታች የምለውን ለመሞከር ግን ወረቀት አያስፈልግም።

ለአንድ ሳምንት ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር በዕለቱ ከሁሉ የከበዳችሁ ሰዓት የቱ እንደነበረ፣ በሁለተኛው ደግሞ በዚያ ሰዓት አጠገባችሁ ማን እንደነበረ አስፍሩ። ዓርብ ማታ መልሳችሁ ስታነቡት "ጓደኛ የለኝም" የሚለው ትልቅ ጭንቀት ወደ ትናንሽ ነገሮች ተመንዝሮ ታገኙታላችሁ፦ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ከኋላ መገፋት፣ መምህር በቀረ ቀን የሚነሣው ጫጫታ፣ "ቡድን ሥሩ" ሲባል ከማን ጋር እንደሚሆኑ አለማወቅ። ትልቁን ጭንቀት ማንም እኩያ ሊሸከምላችሁ አይችልም፤ ከትናንሾቹ አንዱን ግን አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለ ችግር ሊያግዛችሁ ይችላል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ጥበቃው በብረት ሲመታው ድምፁ ጥርሷ ውስጥ እንደሚገባ ትነግረኝ ነበር። ከዚያም የባሰው ደወሉን መጠበቁ ነበርና ከመደወሉ በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች መምህሩ የሚለውን አትሰማም። ይህን ለዴስክ ጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ስለነበር ጥበቃው ከቤቱ ወጥቶ ብረቱን ሲያነሣ ይታያታል፤ ያን ጊዜ እርሳሷን በልጅቷ ደብተር ላይ አግድም ታስቀምጥላታለች። ልጅቷ ጆሮዋን ትይዛለች፣ ደወሉ ይደወላል፣ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ያደረገችላት ይህንኑ ነው። በትምህርታዊ ጽሑፎች "የእኩዮች ድጋፍ" የሚባለውን ነገር ለወላጆች ሳስረዳ እስከ ዛሬ የምጀምረው ከዚያች እርሳስ ነው።

የት እንደምትፈልጉ

መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱ። ዴስክ የሚጋራ ተማሪ በቀን ለብዙ ሰዓታት ክርኑ ከክርናችሁ ጋር ነው፤ እርሱ ጠባያችሁን ሳታስረዱት ግማሹን አውቆታል። ቀጥሎ የመንገድ ጓደኛ አለ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት አንድ ሰዓት በሚኬድበት አገር፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ከሁሉ የቀለለ ጓደኛ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ፊት ታያላችሁ፣ መነሻውና መድረሻው ይታወቃል፣ ዝምታም ቢኖር እግር ስለሚሠራ አያሳፍርም።

ክበባትን ስትመርጡ ወሬ ሳይሆን ሥራ የሚበዛበትን ምረጡ። ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ዜና አንባቢው ሁልጊዜ ይገኛል፤ ማጉያውን የሚያገናኝ፣ ገመዱን የሚጠግን፣ የጠዋቱን ፕሮግራም በሰዓት የሚጽፍ ሰው ግን ዘወትር ይጠፋል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ያፈላል፤ ችግኝ ማጠጣት ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ ውኃ የምትቀዳዋና የሚያጠጣው ልጅ በሁለተኛው ወር ይተዋወቃሉ። ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ መጽሐፍ በመደርደር ማገዝ ትችላላችሁ፤ በረፍት ሰዓትም ጸጥ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ የምታውቁት ልጅ በትምህርት ቤታችሁ ካለ ደግሞ እርሱ ሌላ መግቢያ ነው፤ በሁለት ቦታ የሚያውቃችሁ ሰው በአንዱ ቦታ ብቻ ከሚያውቃችሁ ይልቅ ለመረዳት ይቀርባል።

አጀማመሩ

የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ትከሻ ለትከሻ መነካካቱ፣ የጤናውና የቤተሰቡ ጥያቄ መደጋገሙ ለአንዳንዶቻችሁ ከፈተና ይከብዳል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ትንሽ ጎንበስ ማለት በማንም ዘንድ የተከበረ ሰላምታ ስለሆነ መነካት የማትወዱ ያን ተጠቀሙ፤ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰው ብቻ ሳታቋርጡ ብታደርጉት በሳምንቱ እርሱ ቀድሞ ያደርግላችኋል። ዐይንን በተመለከተ ልብ በሉ፦ በታላቅ ሰው ፊት ዐይንን ሰበር ማድረግ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ስለሆነ መምህራን አይታዘቧችሁም፤ እኩያ ፊት ዞር ብሎ መናገር ግን "ኮራ" ወይም "አኮረፈ" ያሰኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ "ዐይን ለዐይን ማየት ስለሚያደክመኝ ነው እንጂ እየሰማሁህ ነው።" ለረፍት ሰዓትም እንዲሁ "ጫጫታ ሲበዛ ዝም እላለሁ፤ ተቀይሜ እንዳይመስልሽ" ማለት ይበቃል።

ሌላው ችግር ነገር በተዘዋዋሪ መነገሩ ነው። በሰምና ወርቅ መጫወት የሚወደድበት ቋንቋ እንናገራለን፤ "ጎበዝ!" የሚለው ቃል ምስጋናም ሽሙጥም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የሳቀበትን ነገር እናንተ ብቻ እንደ ቃሉ ወስዳችሁት ትቀሩ ይሆናል። ይህን ከብቻ ከመሸከም ይልቅ ለምታምኑት አንድ ሰው "የምርህን ነው ወይስ እየቀለድክ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ ብታበጁ ይሻላል። የሚወዳችሁ ሰው ይህ ጥያቄ አይሰለቸውም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ቀልዱ ካለፈ በኋላ በጆሯችሁ ሹክ ይላችኋል።

መብልም አለ። ቆሎና ዳቦ መካፈል፣ መጎራረስ በእኛ ዘንድ የወዳጅነት ምልክት ስለሆነ እምቢ ያለ ሰው ፍቅርን እንደናቀ ይቆጠራል። ከሰው እጅ መጉረስ የማትችሉ ከሆነ "አብሬህ እቀመጣለሁ፤ ከእጅ መጉረስ ግን አልችልም፤ ከማንም አልጎርስም" በሉ፤ "ከማንም" የምትለው ቃል ቅሬታውን ታነሣዋለች። ከቤት ቆሎ ይዛችሁ ለአጠገባችሁ ተማሪ እፍኝ ብትዘግኑለት ደግሞ፣ ሳትጎርሱም ማዕዱን ተካፍላችኋል።

እርዳታ ስትጠይቁ ምን፣ መቼና እናንተ በምላሹ ምን እንደምታደርጉ በአንድ ትንፋሽ ይግባ። "ማክሰኞ የጂኦግራፊው ቡድን ሲሠራ ከአንተ ጋር ልሁን? ሠንጠረዡን እኔ እሠራለሁ፤ ክፍል ፊት ማቅረቡን ግን አልችልም።" እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመመለስ ቀላል ነው፤ እምቢ ቢባልም እምቢታው ለማክሰኞው ሥራ እንጂ ለእናንተ አይደለም። መናገር የሚያስቸግራችሁ በወረቀት ጻፉት፤ እጥፍ አድርጎ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት በተማሪ ዘንድ የተለመደ ነገር ነው።

ስለ ኦቲዝም መናገር

እዚህ ላይ ራሴ ያደረስኩትን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት የአንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እናት ፈቅደውልኝ፣ እርሱን ራሱን ግን ሳልጠይቅ፣ በክፍሉ ፊት ቆሜ ስለ ኦቲዝም ሃያ ደቂቃ ያህል አስረዳሁ። ለበጎ ያደረግሁት ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ "ኦቲዝም" የሚለው ቃል የልጁ መጠሪያ ሆነ፤ ከማግስቱ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው፣ ለመናገር አስቦ የነበረው ለአንድ ልጅ ብቻ እንደነበረና ልጁንም መርጦ እንደነበር ነገረኝ። እኔ የወሰድኩበት ይህንን ምርጫ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም መምህር፣ እኔንም ጨምሮ፣ የተማሪውን ፈቃድ ከራሱ አንደበት ወይም ጽሑፍ ሳያገኝ ስሙን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ እንዳያነሣ አጥብቄ እከራከራለሁ።

ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደምትናገሩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በእኔ ግምት የሚሻለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ነገሩን፣ ከዚያ ስሙን መናገር ነው። "ድምፅ ያስጨንቀኛል" የሚለውን የሰማና ለሁለት ወር ያህል በደኅና የያዘው ሰው፣ በኋላ "ይህ ኦቲዝም ይባላል" ብትሉት የሚያስበው ስለሚያውቃችሁ ልጅ ነው፤ ስሙን አስቀድሞ የሰማ ግን ስለ ቃሉ ከሰፈር የሰማውን ሁሉ በእናንተ ላይ ይለጥፋል። ስትነግሩትም "ይህን ለሌላ ሰው አትንገር" ወይም "ቢጠይቁህ ንገራቸው" ብላችሁ ድንበሩን ለዩ፤ ካልነገራችሁት አያውቀውም። ክፍሉ በሙሉ እንዲያውቅ ከተፈለገ፣ የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን መጋቢት 24 ስለሚውል ሚኒ ሚዲያው በዚያ ሰሞን ጠቅላላ ትምህርት ሊያቀርብ ይችላል፤ የማንም ስም አይነሣም፤ ራሱን ማሳወቅ የፈለገ በራሱ ጊዜ ያሳውቃል።

እንደ እናንተ ያሉትን ማግኘት

ዳሚያን ሚልተን የተባለ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ ኦቲዝም ባለውና በሌለው ሰው መካከል የሚፈጠረው አለመግባባት የሁለቱም ወገን እንጂ የአንዱ ጉድለት እንዳልሆነ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ካትሪን ክሮምተን የተባለች ተመራማሪና የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ አዋቂዎችን ስምንት ስምንት አድርገው ታሪክ በቅብብል እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ሁሉም ኦቲዝም ያላቸው በሆኑበት ሰንሰለት ውስጥ ታሪኩ፣ ማንም ኦቲዝም በሌለበት ሰንሰለት የደረሰውን ያህል ተጠብቆ ደረሰ፤ ብዙ የጠፋው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ጊዜ ነበር። ይህን የምጠቅስላችሁ "ከሰው ጋር መግባባት አልችልም" የሚለውን ፍርድ በራሳችሁ ላይ ከማጽደቃችሁ በፊት፣ ከየትኛው ሰው ጋር እንደሆነ እንድትጠይቁ ነው።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ እንዲነገር ከደከሙት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንንና የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት የልጃቸው ኦቲዝም ካሳያቸው ችግር ተነሥተው ነው። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሚመጣማ መንገዱ ከዚህም ይርቃል። ስለዚህ እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ተመልከቱ። በረፍት ሰዓት ግቢውን በአጥሩ ሥር ብቻውን የሚዞር፣ የአውቶቡስ ታርጋ ወይም የእግር ኳስ ውጤት በቃሉ የሚያውቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ኦቲዝም አለህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ስለሚወደው ነገር ጠይቁት። መስማት ወይም ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አብረዋችሁ የሚማሩ ከሆነም ወደ እነርሱ ቅረቡ፤ የተለየ ሆኖ መማር ምን እንደሆነ ማብራሪያ አይጠይቋችሁም።

ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ

ከገጠር ስንቅ ቋጥራችሁ ወደ ከተማ የመጣችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል የምትከራዩ ተማሪዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ለእናንተ እኩያ ከትምህርት ቤት በኋላም አይለይም፤ ከተስማማችሁ ከሁሉ የበለጠ ድጋፍ የምታገኙት ከእርሱ ነው፣ ካልተስማማችሁ ግን የሚያርፍ አእምሮ አይኖራችሁም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሳትቀያየሙ፣ ተራውን በጽሑፍ አድርጉት፦ ውኃ የሚቀዳው፣ ወጥ የሚሠራው፣ የሚጠርገው ማን በየትኛው ቀን እንደሆነ። ሁለት የመንዝ ልጆች በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጠመኔ ጽፈውት አይቻለሁ። ከመካከላቸው አንደኛው ኦቲዝም ነበረው፤ ተራው በድንገት ሲለወጥ ሌሊቱን አይተኛም ነበርና የሚለወጥ ነገር ካለ አስቀድሞ በበሩ ላይ እንዲጻፍ ተስማሙ። ሌላም ስምምነት ነበራቸው፤ ልጁ ጋቢውን እስከ ራሱ ከተከናነበ፣ ቤት ቢቃጠል ካልሆነ በቀር፣ ማንም አያናግረውም። ሲገልጠው ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። የስልክ ሙዚቃ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መነገር እንዳለበትም እንዲሁ ተነጋገሩ።

ጓደኛ መሳይ

ሰው ለማግኘት ስትጓጉ የሚጠጋችሁ ሁሉ ወዳጅ ሊመስላችሁ ይችላል። የቤት ሥራችሁን እየገለበጠ በረፍት ሰዓት ግን የማያውቃችሁ፣ ብር ተበድሮ የማይመልስ፣ ሌሎች እንዲስቁ አንድ ነገር እንድትናገሩ የሚገፋፋችሁ፣ "ይህን ካላደረግህ ጓደኛህ አይደለሁም" የሚላችሁ ሰው እየተጠቀመባችሁ ነው። ስትጠራጠሩ ለአንድ ሳምንት የሚፈልገውን ነገር ከልክሉትና አብሯችሁ መቆሙን ተመልከቱ። ሰውነታችሁን የነካ፣ የመታችሁ፣ ሰው ወደሌለበት ቦታ እንድትሄዱ የሚጎትታችሁ ካለ፣ ወንድም ሁኑ ሴት፣ በዚያው ቀን ለምታምኑት አዋቂ ተናገሩ፤ ምስጢር እንድትጠብቁ ያስማላችሁ ቢሆንም እንኳ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣባችሁም ለእኩያ ብቻ ነግራችሁ አትቅሩ፤ ይህ ሸክም ለእርሱም ይከብደዋልና ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለጤና ባለሙያ መድረስ አለበት።

ከመምህሩና ከርዕሰ መምህሩ የምትጠይቁት

የክፍል ኃላፊ መምህራችሁ በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ስላለበት ችግራችሁን ከፊታችሁ ላያነብ ይችላል፤ በመጀመሪያው ወር ሄዳችሁ፣ ካስፈለገም ወላጅ ይዛችሁ፣ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት። አንደኛው የመቀመጫ ቦታችሁና የዴስክ ጓደኛችሁ ዓመቱን ሙሉ እንዳይቀየር ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪዎች በአንድ ለአምስት ወይም በሌላ ቡድን ሲደለደሉ ከምታውቁት አንድ ሰው ጋር እንድትመደቡና በቡድኑ ውስጥ ሥራችሁ በስም እንዲነገር ነው፤ ጸሐፊ፣ ሰዓት ያዥ፣ ሥዕል ሠሪ። "ተባበሩ" ተብሎ ብቻ የሚተው ቡድን ኦቲዝም ላለው ተማሪ ግራ የሚያጋባ ነው።

መልሱ "ለአንተ ብዬ ሕግ አልጥስም" ከሆነ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃ የሕጓ አካል እንዳደረገችው፣ የስምምነቱ አንቀጽ 24ም ተማሪው በሚያስፈልገው መጠን ተገቢ ማመቻቸት እንዲደረግለት እንደሚያዝ በትሕትና ማስታወስ ይቻላል። ይህን ወላጅ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ቢያቀርበው ይበልጥ ይሰማል። የመቀመጫ ቦታ አለመቀየር ደግሞ ለማንም ሳንቲም አያስወጣም።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው የጸጥታ ችግር ትምህርት ሲቋረጥና ሲጀመር፣ በብዙ ድካም የተገኘ አንድ ጓደኛ በአንድ ቀን ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ አይተናል። ስልክ ያላችሁ ቁጥሩን በደብተር ላይም ጻፉ፤ ስልክ የሌላችሁ የወላጁን ስምና ቀበሌውን ያዙ፤ በበዓል ሰሞን ሰላምታ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም። ሁለታችሁም በዚያው ትምህርት ቤት የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ፣ ለአዲሱ ዓመት ስትመዘገቡ የክፍል ምደባው ከመለጠፉ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ቢሮ ሂዱና በአንድ ሴክሽን እንድትመደቡ አመልክቱ። ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ማስቀየር ይከብዳል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን መዝጋቢው በእርሳስ ሁለት ስም ማጠጋጋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።